የእረፍት ተራ

በአማርኛ «አረፈ» የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ስልክ ተደውሎ «እገሌ እኮ አረፈ» ሲባል «ጎሽ፣ ደክሞት ነበር» የሚል ሰው የለም። «መቼ? ምን ሆኖ?» ነው የምንለው። ሰውን ከፍ አድርገን ልናመሰግን ስንፈልግ ደግሞ «ደከመኝ ሰለቸኝ የማትል» እንላለን። ሁለቱን አባባሎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጎበዝ የሆነ ሰው አይደክመውም፤ ያረፈ ሰው ደግሞ ሞቷል። ደክሞት ቁጭ ላለ ጤነኛ ሰው የቀረን ቃል «ሥራ ፈት» ነው፤ እሱም ስድብ ነው።

እንዲህ ባለ ቋንቋ ያደግን ልጆች እሁድ ማታ ስልካችንን ስንከፍት የሳምንቱ ታሮት ይመጣልናል። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ካርድ ትገለብጣለች። «ይሄን ሳምንት ለራሳችሁ ጊዜ ስጡ፤ ሰውነታችሁን አዳምጡት፤ ደስታን አትሽሹት፤ ወደ ውስጥ ተመልከቱ» ትላለች። ብዙዎቻችን አናምንበትም። ግን እስከ መጨረሻው እናየዋለን፤ ለጓደኛም እንልከዋለን። ካርዱ እውነት ይናገራል ወይ የሚለውን ክርክር ለሃይማኖት አባቶችና ለሳይንስ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የደከመው ሰው የማረፍ ፈቃድ ለምን ከካርድ ይጠብቃል? ካርዱ የሰጠው ፈቃድስ የት ድረስ ይሠራል?

ታሮት ሲጀመር የካርታ ጨዋታ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ መኳንንት ይጫወቱት ነበር። ዕጣ ፈንታ ማንበቢያ ሆኖ የገነነው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬ በየስልኩ የምናያቸው ሥዕሎች ባብዛኛው በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ከታተመው ስብስብ የመጡ ናቸው፤ የሣለቻቸውም ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ናት። ካርዶቹ 78 ናቸው። ከነሱ ውስጥ ስለ እረፍት፣ ስለ ደስታና ራስን ስለ መመርመር ሲወራ ቶሎ የሚወጡትን ሦስቱን ልጥቀስ።

የእረፍቱ ካርድ «አራት ሰይፍ» ይባላል። አንድ ባላባት ወታደር እጆቹን ለጸሎት አጋጥሞ በጀርባው ተንጋሏል። የተንጋለለበት ነገር ግን አልጋ ሳይሆን መቃብር ነው። ፈረንጁም እረፍትን ሲሥል አስከሬን የሚመስል ሰው ሣለ ማለት ነው፤ «አረፈ» የሚለው ቃላችን ብቻውን አይደለም። የደስታው ካርድ «ፀሐይ» ነው፤ እርቃኑን የሆነ ሕፃን ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣ ከኋላው የሱፍ አበባ አለ። ራስን የመመርመሩ ካርድ ደግሞ «ባሕታዊው» ነው፤ ሽማግሌ ሰው በበረዶ ጫፍ ላይ ፋኖስ ይዞ ለብቻው ቆሟል።

ሦስቱም ካርዶች ላይ ያለው ሰው አንድ ነው። ተኝቶም፣ ስቆም፣ አስቦም ብቻውን ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለኛ አገር ነገሩ ባዕድ አይደለም። የቡና ስኒ ገልብጦ አተላውን የሚያነብ ሰው ያልገጠመው ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አውደ ነገሥት አለ። አንድ ሰው ኮከቡን ማወቅ ሲፈልግ የራሱ ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ይደመራል፤ ድምሩ በ12 «ይገደፋል»፤ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። ሐመል፣ ሰውር፣ ጀውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያለ እስከ ሑት ይሄዳል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ስሌቱ የሚሠራው በግዕዝ ፊደል ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ነገሩን ይከለክላሉ፤ ሰዉ ግን ከሁለቱም ደጅ እየወጣ ሲያስቆጥር ኖሯል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ለብቻችሁ ኮከብ የላችሁም። የእናታችሁ ስም ካልተደመረ ቁጥሩ አይወጣም። አስቆጣሪው ይመን አይመን፣ ሒሳቡ ገና ሲጀመር «አንተን የወለደችህ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። የስልኩ ካርድ ይሄን አይጠይቅም። «አንቺ» ይላል እንጂ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ማን እንደሚያበላሽ፣ ማንን እንደምታበዪ አያውቅም።

ይሄ ልዩነት ለምን ትልቅ እንደሆነ ለማየት ምክሩን ይዘን እረፍት ዋጋ ወዳለው ቦታ እንሂድ። መርካቶ እንሂድ። ስሙም እንደ ታሮቱ ከጣሊያን የመጣ ነው። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው፣ ለነጭና ለአገሬው የተለያየ ሰፈር ሲከልሉ፣ የአገሬው ገበያ ወደ አሁኑ አዲስ ከተማ ወረደ። ስሙ ቀረ፤ ገበያው አደገ።

ሰኞ ጠዋት መርካቶ ውስጥ ቆማችሁ «ሰውነትህን አዳምጠው» የሚለውን ምክር ለማን እንደምትነግሩት ምረጡ። ኩንታል ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ የሚያልፈውን ወዛደር አስቡት። ሰውነቱን ከማንም በላይ ያዳምጣል፤ ወገቡ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ጉልበቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚከዳው ያውቃል። የሚከፈለው በተሸከመው ልክ ነው። ዛሬ ቢያርፍ ማንም አይቆጣውም፤ ዛሬን ግን አይበላም። የሱ ችግር ማረፍ እንዳለበት አለማወቁ አይደለም። ስለዚህ ምክሩ እውነት ሆኖ ሳለ ለሱ ምንም አይፈይድለትም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በ7 ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቆራረጠ የሳምንት እረፍት እንዲያገኝ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕጉ አሠሪ ይፈልጋል። ለወዛደሩ ጠዋት አንድ ነጋዴ፣ ከሰዓት ሌላ ነጋዴ፣ ማታ አንድ ሹፌር አሠሪው ነው። 24 ሰዓቱን ከየትኛቸው ይጠይቅ?

ስለዚህ «እረፍት» የሚለው ምክር ሳይናገር የሚገምተው ሰው አለ። ጊዜው በእጁ ያለ፣ ዛሬ ቢቀር ነገ የሚጠብቀው ደመወዝ ያለው፣ ሲያርፍ የሚሸፍንለት ያለው ሰው። እንዲህ ላለው ሰው ካርዱ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ሌላው ግን ምክሩን ሲሰማ በድካሙ ላይ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል፦ «ራሴን ስለማልወድ ነው እንዴ የማላርፈው?» ይላል። ድካሙ የኑሮ መሆኑ ቀርቶ የጠባይ ጉድለት ይሆንበታል። እዚህ ላይ ነገሩ የሞራል ጥያቄ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አያቶቻችን እረፍትን ለግለሰብ ምክር አልተዉትም ነበር። ሰንበት የምንለው ነገር ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝነቱ ደግሞ በደከመው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 20ን ብታነቡት የሚያርፉት ይዘረዘራሉ፦ አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ፣ አገልጋዮችህ፣ ከብትህ፣ በደጅህ ያለው መጻተኛ ሳይቀር። ዘዳግም ላይ ምክንያቱም ይነገራል፤ አገልጋይህ እንዳንተ እንዲያርፍ፣ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ እንድታስብ። በዚህ ቀን በጌታው ላይ ሸክም ይጫናል፤ ሸክሙም ሌላውን አለማሠራት ነው።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሁድ ትከበር በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተገፍተዋል። በመጨረሻ በ1450 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት ነበር፤ እኔ ግን አንድ ነገር አይበታለሁ። እነዚያ ሰዎች ስለ እረፍት ቀን ሲከራከሩ አንድ ሰው ለብቻው የሚወስነው ነገር እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበር። ሁሉም ካልቆመ ቀኑ አይቆምም።

መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ታላቁ አንዋር መስጊድ አለ። አርብ ቀትር ላይ ጥሪው ሲሰማ ያለው ሥርዓት ሌላ ዓይነት ነው። ቁርኣን በጁሙዓ ምዕራፍ ጥሪው ሲደረግ ንግዱን ተዉ ይላል፤ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ላይ ተበትናችሁ ከአላህ ችሮታ ፈልጉ ይላል። ሙሉ ቀን ሥራ ፍቱ አላለም። ግን ያቺ አጭር ሰዓትም ብትሆን የጋራ ናት። ጎረቤትህም መጋረጃውን ስለሚያወርድ ደንበኛህን ይወስድብሃል ብለህ አትሰጋም። ለነጋዴ ትልቁ የእረፍት ጠላት ይሄ ስጋት ነው፦ እኔ ብዘጋ እሱ ይሸጣል። በጋራ ሲቆም ስጋቱም አብሮ ይቆማል።

እስካሁን ያልኩትን ሰምታ አንዲት አንባቢ ልትቆጣኝ ትችላለች። ትቆጣም። «የጋራ እረፍት ትላለህ፤ በበዓል ቀን ዶሮውን ማን ሠራው?» ትበል። እሁድ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የሚቆመው የማን ሥራ ነው? የአባትና የልጆች። የእናት ሥራ ግን እጥፍ ይሆናል፤ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ሽንኩርት ታቁላላለች። ከላይ የጠቀስኩትን የኦሪት ዝርዝር ተመለሱና እዩት፤ አገልጋይና ከብት አለ፣ ሚስት የሚል ቃል የለም። «አንተ» በሚለው ውስጥ አለች የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ማድ ቤት ገብቶ ያየ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ የረሳናት ሰው እንዳለች አይክድም።

እና ይህቺ አንባቢ «ለዚህ ነው ካርዱን የምወደው» ብትል ምን እመልስላታለሁ? ቤቱ፣ ሰፈሩ፣ በዓሉ አንድም ቀን «አንቺስ ደከመሽ?» ብለዋት አያውቁም። በስልክ ያለች የማታውቃት ሴት ግን በሳምንት አንዴ ትጠይቃታለች። ለሁሉም ሰው የተባለ ቢሆንም ለሷ የተባለ ይመስላታል። ይሄን ማቃለል አልፈልግም። ለብዙ ሴት ልጆች የመጀመሪያው «እረፊ» የመጣው ከስልክ ነው፤ ይሄ ስለ ካርዱ ከሚነግረን ይልቅ ስለኛ የሚነግረን ይበልጣል።

ታዲያ ምክሩ ለብቻ አይሠራም፣ የጋራው ቀን ደግሞ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ይቆማል። ከሁለቱ ሌላ መንገድ አለ ወይ? ያለ ይመስለኛል፤ መርካቶ ደግሞ በየግድግዳው ጽፎታል። ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ። «ተራ» እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ወይም ሥራ በረድፍ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ግን በዚያው ቃል «ተራዬ ደረሰ» እንላለን። በዚያው ቃል «ተራ ሰው» እንላለን፤ ማዕረግ የሌለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው የሆነ። ሦስቱን ትርጉም አንድ ላይ ብታነቡት እንዲህ ይመጣል፦ ተራ ሰው በተራው ውስጥ ተራውን ይጠብቃል።

ተራን በገንዘብ የሠራው ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላሉ እንበል። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል፣ ዋስ ይጠራል፣ መጣሉን ይቀጥላል። ዕጣው ልክ እንደ ታሮቱ በዘፈቀደ ነው የሚወጣው። ግን ዳኛው ወረቀቱን ገልጦ «ይሄ ሳምንት የብልፅግና ኃይል ወደ አንተ እየመጣ ነው» አይልም። ስም ይጠራል፣ ብር ይቆጠራል። በዚህ ሳምንት ያልወጣለት ሰው ተራው እንደሚደርስ ያውቃል፤ ሌሎቹ 19 ሰዎች ቃል ገብተዋልና። የቸገረው ካለ ደግሞ ዕጣው የደረሰውን ሰው ለምኖ ወይም ገዝቶ ተራውን ይወስዳል። ሁለቱም ዕጣዎች ስለሚመጣው ጊዜ ናቸው። አንደኛው ስለ ነገ ይናገራል፤ ሌላኛው ነገን ያዋጣል።

እረፍትንም በተራ የሠራ ነገር አለን። ሰንበቴ። የአንድ ደብር ምእመናን ተሰባስበው በየእሁዱ ተረኛ ይመድባሉ። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ይቀመጣሉ፣ የኔ ቢጤውም ይካፈላል። ዛሬ የደገሰ ሰው በሚቀጥለው እሁድ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ ሌላው ይደግስለታል። ስሙ ራሱ ከሰንበት የመጣ ነው። ደስታውም እረፍቱም በአንድ ማዕድ ላይ ነው፤ ሥራው ደግሞ አልጠፋም፣ ይዞራል።

እርግጥ ነው፣ በየቤቱ ሲታይ ተረኛው ወንድ ሆኖ ጋጋሪዋ ሚስቱ ትሆናለች። ስለዚህ ሥርዓቱን እንዳለ አምጡት እያልኩ አይደለም። ሐሳቡን ወደ ማድ ቤት እናስገባው ነው የምለው። ለሞት ዕድር አለን፣ ለገንዘብ ዕቁብ አለን፣ ለጻድቁ ማኅበር አለን። ለተራ ድካም ግን ምንም የለንም። ሱቅ ለመዝጋት ሰው መሞት አለበት፤ ለለቅሶ ሲሆን ማንም «ለምን ዘጋህ?» አይልም። ለድካም የሚሆን ዕድር ቢኖር ምን ይመስል ነበር?

ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ ቤት ውስጥ አራት ሰው ካለ፣ ከአራት እሁድ ሦስቱን እናት ወጥ ቤት የማትገባበት ተራ ይጻፍ። ልጅም አባትም ይግባ፣ ምግቡ ሽሮ ቢሆንም ይሁን። የቤት ሠራተኛ ካለች የሷ ቀን ቀድሞ ይጻፍ፤ በዓል መጣ ተብሎ አይሰረዝ። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ልጆች የሚሸጡ ከሆነ ቀናቸው ይታወቅ፤ ባለሱቁ ሲመቸው የሚሰጣቸው ውለታ አይሁን። ጎረቤታሞች «ሱቄን እይልኝ» መባባል ያውቁበታል፤ ለሽንት ቤትና ለሶላት የሚሠራው መተማመን ለግማሽ ቀን እረፍት የማይሠራበት ምክንያት የለም። ወዛደሮች ሳምንታዊ ዕቁባቸው ላይ ትንሽ ጨምረው፣ ወገቡ ለታመመው የሁለት ቀን እንጀራ የሚሆን ቢያስቀምጡ፣ «እረፍ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ትርጉም ያገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሸክም ለሚያውቅ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ተረት የለም።

ራስን መመርመሩስ? ባሕታዊው ፋኖሱን ይዞ ተራራ ላይ ቆሟል፤ ደስ የሚል ሥዕል ነው። ግን መርካቶ የራሱ መመርመሪያ አለው። ነጋዴ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። በእስልምናም ነፍስን መመርመር «ሙሐሰባ» ይባላል፤ «ሒሳብ» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። የዱቤ መዝገብ ስትገልጡ የራሳችሁን ስሜት አታገኙም፤ የሰው ስም ታገኛላችሁ። ለማን ስንት አለብኝ? ማን ስንት አለበት? የሳምንቱ እረፍታችንም እንደዚሁ ቢመዘገብ ጥሩ ነው። እሁድ የተኛሁት ማን ነቅቶልኝ ነው? ቡናዬን ሳጣጥም ስኒውን ያጠበችው መቼ ቁጭ አለች? ይሄ ጥያቄ አያስደስትም። ግን ሐቀኛ ነው።

ደስታን በዚህ ሁሉ ሒሳብ እንዳልገድላት እፈራለሁ። ነጭ ፈረስ ላይ የሚስቀው ሕፃን የዱቤ መዝገብ የለውም፤ ትክክል ነው። ሰው አንዳንዴ ያለምንም ምክንያት ደስ ሊለው ይገባል። ሆኖም ደስታ ላይ አንድ የማውቀው ነገር አለ፦ ቡና ለብቻ ሲጠጣ መጠጥ ነው፣ አቦል ቶና በረካ ሲባል ግን ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው ስኒ «በረካ» መባሉም በከንቱ አይመስለኝም። በረከቱን የሚያገኘው እስከዚያ ድረስ ለመቀመጥ ጊዜ ያለው ሰው ነው። ለመቀመጥ ጊዜ ያለው ደግሞ የሚያፈላለት ያለው ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ጀበና ማን ይጣደው?

ካርዱን ጣሉት አልልም። እሁድ ማታ «ይሄ ሳምንት የእረፍት ነው» ከተባላችሁ ስሙት፤ ምናልባት በሳምንቱ ውስጥ ስለናንተ የተባለ ብቸኛው ደግ ቃል ነው። ግን ቪዲዮው ሲያልቅ ለጓደኛ ከመላካችሁ በፊት ቤት ውስጥ ዞር ብላችሁ እዩ። አሁን በዚህ ሰዓት፣ እናንተ ተኝታችሁ ስለ እረፍት ስትሰሙ፣ ቆሞ የሚሠራው ማነው? እሷ ጋ ሂዱና ጠይቋት፦ «ያንቺ ተራ መቼ ነው?»

ከዚያ ቀኑን ጻፉት።